የካዝናው ቁጥር

ኅዳር ፬ ቀን፣ ሐሙስ

ዛሬ ተበቀልሁ።

ባለፈው ወር የአሳዳሪዬ የጋሽ ታምሩ አሮጌ የጣሊያን ሽጉጥ የጥይት ካዝናው ጠፋ። የእኅታቸው ልጅ ዳዊት «ከዚህ ባላገር ፍራሽ ሥር አገኘሁት» ብሎ በእንግዶች ፊት ካዝና ይዞ መጣ። ጋሽ ታምሩ ይቅር አሉኝ። ባልሠራሁት ጥፋት ይቅር መባል ከስድብ ይልቅ አንገበገበኝ።

ጋሽ ታምሩ የሚሰበስቧቸውን የቆዩ ሽጉጦች የምወለውለው እኔ ነኝና ካዝናውን ዘይት ስቀባው ነገሩ ገባኝ። ካዝናው ላይ ያለው ቁጥር ከሽጉጡ ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን የቆየ ቁጥር ጭረቱ ውስጥ ይጠቁራል፣ ይህ እንደ አዲስ ሚስማር ያበራል። ዳዊት ዋናውን ሸጦ ቁጥሩን በሌላ ካዝና ላይ አስቀርጾታል። አሥራ ሁለት ቀን ዝም አልሁ።

ዛሬ ሽጉጡን ሊገዙ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ ቀበና ድረስ መጡ። ዳዊት «ካዝናው የራሱ ነው፣ ቁጥሩን ይመልከቱ» አላቸው።

«ሻለቃ፣ ቁጥሩን በብርሃን ይዩት» አልሁ።

«ስሙልኝ የአራተኛ ክፍሉን ሊቅ!» ብሎ ሳቀ ዳዊት።

ሻለቃው ካዝናውን ወደ መስኮቱ ወስደው አዩት። ከዚያም ዳዊትን አዩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሽጉጡን ሳይገዙ ሄዱ።

ጋሽ ታምሩ «መቼ አወቅህ?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ።»

«እኔንም በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው የጠበቅኸው?»

የሽጉጦቹን ሣጥን ቁልፍ ተቀበሉኝና «ነገ ጠዋት ውጣ» አሉኝ። በዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም፤ ነገ የት እንደማድር አላውቅም። ይህን ስጽፍ ፍርሃቱ ይመላለስብኛል። የዳዊትን ፊት ሳስታውስ ግን ጸጥ ይላል።