በጥድ ማዞሪያ ኬላ በቀን ብርሃን ስለተከፈተው ሳጥን

ለተከበሩ አቶ ስማቸው ደምለው
የጥድ ማዞሪያ ፍተሻ ኬላ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ቤተሰብዎን በሰላም ያኑርልዎ፤ የእጅ ስልክዎንም ባትሪ አያሳጣው፤ ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት የአሥራ ሦስት ሰው ነፍስ በዚያ ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና።

ስሜ ኡሙሰልማ ጣሀ ይባላል። የቢስቲማ ልጅ ነኝ፤ ደሴ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በኬላዎ መዝገብ «ጥቁር ሳጥን የያዘች አጠራጣሪ ሴት» ተብዬ ስለተጻፍሁ፣ መዝገቡ የተሟላ ይሆን ዘንድ ስሜንና ሥራዬን ብጨምርልዎ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ሳጥኑም ቢሮዎ መጥቼ በዝርዝር አስረድቼዎት ነበር፤ ሥራ በዝቶብዎ የረሱት ስለሚመስል ላስታውስዎ። ከሩቅ ሰማይ፣ ከፈነዱ ከዋክብትና ምናልባትም ከሌሎች ጋላክሲዎች፣ ቅንጣቶች ያለማቋረጥ ወደ ምድር ይመጣሉ። የላይኛውን አየር ሲመቱ ሙዮን የሚባሉ ሌሎች ቅንጣቶች ይወለዳሉ፤ ዕድሜያቸውም የሴኮንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ መሬት ሊደርሱ ባልተገባ ነበር፤ ነገር ግን እጅግ ስለሚፈጥኑ ጊዜያቸው በእኛ ሰዓት ሲለካ ይረዝማል፤ ስለዚህም ይደርሳሉ። ይህን ሲያነቡ በመዳፍዎ በየሴኮንዱ አንድ ገደማ እያለፈ ነው፤ አይደንግጡ፣ ጉዳት የለውም። ተመራማሪዎች በእነዚሁ ሙዮኖች የግብፅን ፒራሚድ ሆድ ዕቃ አይተዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጋላክሲ እምብዛም ከማይገኝበት የሰማይ ክፍል የመጣ የሚመስል እጅግ ኃይለኛ ቅንጣት መዝግበው ምንጩን ሲፈልጉ ይኖራሉ። ያ እንግዳ መታወቂያ አልያዘም፤ ግን ማንም አላስቆመውም።

የእኔና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነበር። ደሴ ከኮምቦልቻ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። የሙዮኖቹ ጊዜ ባይረዝም ኖሮ በዚህች ቁልቁለት ብቻ ከግማሽ በላይ ባለቁ ነበር። እውነት ያልቃሉን? ይህን ለመቁጠር ነፃነት የምትባል የቀድሞ ተማሪዬ ከምትሠራበት ቤተ ሙከራ ያገለገለ የመስታወት ቱቦ ላከችልን። ቱቦው ሙዮን ሲያልፍ የምትፈጠረውን እጅግ የደከመች ብልጭታ እንኳ የሚያይ በመሆኑ በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በሳጥኑ ውስጥ በጨለማ ይኖራል፤ ኤሌክትሪኩ ሳይጠፋ የቀን ብርሃን ካየ ይሞታል። ደሴ ላይ ሃያ አንድ ቀን ቆጠርን። የቀረን ኮምቦልቻ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፈቃዱ አመሰግናለሁ። ከጉዞው አሥር ቀን ቀድሜ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ «ለትምህርት እኮ ነው» ብለው ፈገግ በማለት «ሳይከፈት እንዲያልፍ ተፈቅዷል» የሚል ደብዳቤ ፈርመው፣ ማኅተሙንም ራስዎ አሳርፈው ሰጥተውኛል። ፈገግታዎን እስካሁን አልረሳሁትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በዚያ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ተማሪዬ በነበረው በጀሚል ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ ወይዘሮ ፀሐይነሽ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ደሴ ካለው ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር ቅቤና አብሽ ሸምተው ኮምቦልቻ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ። በባትሪ እየሠራ የነበረው ሳጥን ምን እንደሚቆጥር ቢጠይቁኝ ድምፁን ከፍ አደረግሁላቸው። ሙዮን ባለፈ ቁጥር ጢቅ ይላል።

«ይኼ ሁሉ በእኔ ውስጥ አልፎ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እግዜር ሲቆጥረን ነዋ!» ብለው ሳቁ፤ ሰዉም ሳቀ።

ድምፁን መልሼ አልቀነስሁትም። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ አልክድም።

ኬላው ላይ ሳጅን አግማስ በሩን ከፍቶ «እናቴ፣ መታወቂያዎን» አለኝ። ወዲያው ጢቅ ጢቁን ሰማ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሁላችሁም ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ጫማውን ጥሎ ተንጋጋ። እኔም ልወርድ ስል «አንቺ ሳጥኑን ይዘሽ ነይ! ሌላ ነገር እንዳትነኪ!» አለኝ። ከእርስዎ ወደ አንቺ ለመውረድ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀበትም። ሳጥኑን አስፋልቱ ላይ አስቀመጥሁ፤ ደብዳቤዎንም ዘረጋሁለት። ሳጅኑ አነበበው፤ ሁለተኛም አነበበው፤ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ለእርስዎ ደወለ።

ሲመለስ ላብ አጥምቆት ነበር። «ራስሽ ክፈችው ተብሏል» አለኝ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለዚህ ትእዛዝ ነው። «ልጄ፣ እከፍተዋለሁ» አልሁት። «ይህን ቀይ ማብሪያ መጀመሪያ ላጥፋው፤ ከዚያ እንዳሻህ ፈትሸው።»

«ማብሪያውን ከነካሽ እንድተኩስ ታዝዣለሁ» አለኝ።

ክቡርነትዎ፣ ማብሪያው ከጣቴ አንድ ስንዝር ነበር። ሳልነካው ብከፍት ቱቦው ይሞታል፤ ብነካው እኔ። ተማሪዎቼ ተራ ገብተው የጠበቁት ሃያ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እጄ ወደ ማብሪያው ሄዷል። ጠመንጃው ሲቀባበል ሰማሁ። ያን ጊዜ ከመኪናው ኋላ ወይዘሮ ፀሐይነሽ «ልጄ፣ በማርያም ተይው! ዕቃ ነው! ዕቃ ነው!» ብለው ጮኹ። ሐስቢየላህ፣ አላህ ይበቃኛል ብዬ እጄን መለስሁና ሳጥኑ የታሸገበትን ፕላስተር በጥፍሬ ቀደድሁት።

የፀሐይ ብርሃን ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ጢቅ ጢቁ ተያይዞ አንድ ረጅም ጩኸት ሆነ፤ ቱቦው የቀን ብርሃንን ሊቆጥር እየሞከረ ነበር። እኛ እንዲህ እናውቃለን፤ ሌላው ሰው ግን የመጨረሻው መጣ አለ። ሳጅኑ በደረቱ ሲወድቅ አንዲት ጥይት አመለጠችው። ጀሚል ቦዩ ውስጥ ዘለለና የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ከዚያ ሳጥኑ ጸጥ አለ፤ ቱቦው ሞተ። አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ለቱቦው ይሁን ለነፍሴ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን ቀደው የጀሚልን እጅ አሰሩለት።

አራተኛ፣ ስለ ርክክቡ ሥርዓት አመሰግናለሁ። በማግሥቱ ሳጥኔን ልወስድ ስመጣ «ዕቃዬን ያለ ምንም ጉዳት ተረክቤአለሁ» የሚል ቅጽ ቀረበልኝ። አልፈርምም አልሁ። የፈቃድ ደብዳቤዬን ብጠይቅ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከቢሯችን ወጥቶ አያውቅም» ተባልሁ። ክቡርነትዎ በመስኮቱ በኩል ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ሰላምታ ባለመስጠቴ ይቅርታ።

አምስተኛው ለእርስዎ አይደለም። በስምንተኛው ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሳጅን አግማስ ሲቪል ለብሶ የቤተ ሙከራችን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ተማሪዎቹን አስወጣሁ። አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ፈቃዴ ነበር።

«ያን ቀን በስልክ ቃል በቃል አነበብኩላቸው» አለኝ። «‹ፊርማው የኔ ነው፤ ግን አንድ ነገር ቢፈጠር ፈርሞ ነበር እንዳልባል። ራሷ ትክፈተው፤ ወረቀቱን ደብቀው› አሉኝ። ይህንን በስሜ ይጻፉት።»

«ልጆች አሉህ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያ አልጽፍም።»

«ይጻፉት፣ እናቴ። ያቺ ጥይት ወዴት እንደሄደች አላውቅም። ሰው ወድቆ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ማን ያወጣው ነበር?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ውሃ ሰጠሁት። ሲወጣ በራሱ እጅ ጽፎ የፈረመበትን ቃል ትቶልኝ ሄደ።

ተማሪዎቼም ጥናታቸውን እንዳለ አስረክበዋል። የደሴው ዓምድ ሙሉ ነው፤ በኮምቦልቻው ላይ «አልተለካም» ብለው ጽፈዋል። ምክንያቱን ምን እንበል ብለው ጠየቁኝ። «ያየነውን» አልኋቸው። አንዷ ተማሪዬ ፈትሂያ «ለመንገዱ ፈቃድ ስለነበረን» ብላ ጻፈች። አላረምሁትም።

ካሣ አልጠይቅዎትም። የምለምንዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው። በአንዲት መስመር «ፈርሜ ነበር» ብለው ይጻፉልኝ፤ ሳጅን አግማስንም እውነት ስለተናገረ አይንኩብኝ። የቃሉን ግልባጭ ለበላይ አካል፣ ለትምህርት ቤቴና ለወይዘሮ ፀሐይነሽ ሰጥቻለሁ። ወይዘሮዋ ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን በየደረሱበት ሰው ያስነብባሉ፤ ገበያቸውም ሰፊ ነው።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ማኅተምዎና ስለ ፈገግታዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ እንዳይቆረቁርዎ ዱዓ የማደርግልዎ፣

ኡሙሰልማ ጣሀ
የፊዚክስ መምህርት፣ ደሴ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ጸሐፊዎ ደውለው «ለጸጥታ ሥራው ላሳዩት ትብብር» በመጪው ሳምንት በኮምቦልቻ በሚደረግ በዓል ላይ የምስክር ወረቀት ከእጅዎ እንድቀበል መወሰኑን አበሰሩኝ። ክብሩ ለእኔ ስለሚበዛብኝ እባክዎ በጀሚል ስም ይጻፉት። መምጣቱን ይመጣል፤ ቀኝ እጁ ግን ገና በጀሶ ስለሆነ የሚቀበልዎ በግራው ነው። ነውር መሆኑን ያውቃል፤ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቅዎታል፤ ለምን እንደተሰበረም ለጠየቀው ሁሉ ያስረዳል።