አባባ «ጠጣ» ያላሉት ቡና

ለወንድሜ ለሰሊም፣ ከባሕር ማዶ፣ ከቺሊ ላለኸው፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ካርመንስ እንዴት ናት? ትንሹ ነኽሌ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም እንደ አያቱ ድዱን እያሳየ ነው የሚስቀው? አባባን ጉልበታቸው ብርድ ሲመጣ ያስቸግራቸዋል እንጂ አፋቸውስ ደህና ነው፤ ከጧት እስከ ማታ ይቆጡኛል። የዘንድሮው ወይራ ደግ ነበር፤ ዘይቱን ጨምቀን አስገብተናል።

ባለፈው ሊመጣ መፈለጉን በስልክ ስነግርህ «ያ ሰውዬ ደጃችንን ከረገጠ እህት የለኝም» ብለህ ዘጋህብኝ። ረግጧል፣ ወንድሜ። ብትቆጣም እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ስሙ ዕዝራ ነው፤ ወንድማችንን ባሲልን ኬላው ላይ የገደለው ወታደር አባት። እስራኤላዊ ወደ እኛ ወደ ፍልስጤማውያኑ ከተማ እንዳይገባ የሚከለክለውን ቀይ ሰሌዳ አልፎ ብቻውን በእግሩ መጣ። ጎረቤታችን ኡም ራጂ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ምሳም አብሉት እንጂ! አልጋም አንጥፉለት!» እያለች ሰፈሩን ሰበሰበችው። አባባ ግን እንግዳ ደጅ ላይ አይቆምም ብለው አስገቡት።

ቡና አቀረብኩለት። ተቀበለኝና ሳይቀምስ ፊቱ አስቀመጠው። ደነገጥኩ። የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ቡና የማይጠጣ እንግዳ የእኛ ሰው ነው እንጂ የእነሱ መቼ ሆኖ ያውቃል? ለካ አባቱ የባግዳድ አይሁዳዊ ነበሩ፤ ወጉን ከቤቱ ይዞት ነው ያደገው። በዓረብኛ፣ «ፍርድ ቤታችን ነገሩን ዘግቶታል፣ እኔ ግን አልዘጋሁትም። ልጅዎን የገደለው ልጄ ነው። እናቱ አውቶቡስ ውስጥ በፈነዳ ቦምብ ከሞተች ወዲህ፣ ያየው ዓረብ ሁሉ ገዳይዋ ይመስለው ነበር። ሰበብ ይሁነኝ ብዬ አይደለም የምነግርዎት። ደሙን ያድርቁልኝ ብዬ ልለምንዎት ነው የመጣሁት» አለ። በገዛ ሰፈሩ ከሃዲ እያሉ መኪናውን እንደቧጨሩበት የሰማነው ኋላ ነው።

አባባ ወይ ያባርሩታል ወይ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉና፣ «ከከበበን አጥርና ከኬላው ጋር አልታረቅኩም፤ ያ ከአንተም ከእኔም አቅም በላይ ነው። የባሲል ደም ግን የቤታችን ጉዳይ ነው። የእኔ ልብ እሺ ብሏል። ነገር ግን ባሲል ሩቅ አገር ወንድም አለው። እሱ ሳይስማማ ጠጣ አልልህም» አሉት። ዕዝራም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣ። ሰፈሩ ሁሉ እያየ አባባ እስከ መንገዱ ሸኙት! ኡም ራጂ እንኳ መስኮቷን ዘጋች። ሰሊም፣ በአባታችን እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። አልተለማመጡትም፣ አላዋረዱትም።

እሺ በል ብዬ አልጫንህም። የባሲልን ጃኬት ባየሁ ቁጥር የእኔም ልብ እምቢ ይለኛል። ሰውዬው ግን ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለራሱ ብቻ አልመሰለኝም፤ ልጁ ከቤት መውጣት ካቆመ ቆይቷል አሉ።

አባባ ግንባርህን ስመውሃል። አክስታችን ናዚራ በጨው የዘፈዘፍኩት ወይራ ይድረሰው ብላለች፣ መንገደኛ አጥተን ነው። ካርመንን ሳምልኝ፣ ትንሹን ነኽሌንም ጉንጩን ንከስልኝ። ኡም ራጂ ሳትቀር ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ምን እንደምትመልስ ለማወቅ ነው እንጂ ናፍቀሃት አይደለም።

የዕዝራ ቡና ዛሬም እንደተቀመጠ ነው፤ አተላው ተጋግሯል። ደፍቼ ሲኒውን ልጠበው ስል አባባ፣ «ተይው፣ የሰሊም ነው» አሉኝ።

እህትህ ሙኒራ
ቤት ጃላ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2018