ከአራቱ ስሞች የትኛዋ ትታደስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

አንዷን ብቻ ነው የማድሰው አለ ሰዒድ። ጅዳ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው፤ በኢንተርኔት የሚከፈልበት ካርድ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ የምለምነው እሱን ነው። አምና አራት የዌብሳይት ስም አስመዘገበልኝ፣ ለሚፈልገው ሰው አትርፌ ልሸጥ። አንዲትም አልተሸጠች። ቅዳሜ ጊዜያቸው ያልቃል። «ዘሃራ፣ ዘንድሮም ካልሸጥሽ በቃሽ» አለኝ። በቃሽ! ማን አስተማረኝና ነው የሚያስቆመኝ?

የአያ መኩሪያ ሆቴል ስም።
ጎንደር ጋቢ።
የሰሜን ተራራ ጉዞ።
አራተኛዋን መጻፍም አፍራለሁ። አጭር ናት ብዬ ነው የያዝኳት፤ ትርጉም የላትም።

ኢንተርኔት ቤት ሄጄ የዌብሳይት ስም ዋጋ የሚገምተውን ገጽ ጠየቅሁት። ትርጉም የሌላትን አንደኛ አደረጋት። ጋቢን ምንም አታወጣም አለ። ብርድ አያውቅ፣ ምን ያውቃል! ከዚያ መብራት ሄደ።

ረቡዕ

አያ መኩሪያ ጋ ሄድኩ። የሆቴልዎ ስም በእጄ ነው አልኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡ። «የኔን ስም? ለኔው?» ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው፣ አፌ ደረቀ። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከሆቴሌ ይሰፋል» አሉኝ። አስተናጋጁ ሳቀ። ሳቅ!

ሐሙስ

አያ መኩሪያ የአባ ጨርቅ ሱቅ ድረስ መጥተው ከሰሱኝ። በገዢ ፊት! «ሐጂ፣ ልጅዎ ስሜን ወስዳ ለኔው ልትሸጥልኝ መጣች።» አባ ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸው ሲወጡ ለጥል ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ጣቃውን እያጠፈ፣ «ምነው ልጄ፣ እሱ ካልገዛ ይቺን ስም ማን ይገዛታል?» አለኝ።

«ማንም።»

«እና ይሄ ገበያ ነው? የሰውዬውን በግ ደጃፉ ላይ አስረሽ ግዛኝ ማለት እኮ ነው።»

ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው! ዓመት ሙሉ ዓይኔን ያጠፋሁበትን ነገር ቀና ሳይል ጨረሰው። በንዴት ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ

ወረቀት ይዤ ለየስሙ ገዢ ቆጠርኩ። ትርጉም የሌላት፦ ማንም። ተራራው፦ ደባርቅ ያሉ ጥቂት አስጎብኚዎች፣ እነሱም የራሳቸው ስም አላቸው። ጋቢ፦ ሸማኔው፣ የኛ መደዳ ነጋዴ ሁሉ፣ ውጭ አገር የሚልከው፣ እኔ የማላውቀው። ወረቀቱ ሞላ። ሱቃችን ውስጥ ጋቢ ተቆልላ ሳያት ስለምውል ንቄያት ነበር።

ለሰዒድ «ጋቢን» ብዬ ላክሁ። ሌሎቹ ይለፉ። የአያ መኩሪያን ስም እንዴት ራሳቸው እንደሚያስመዘግቡት ጽፌ ለዚያ ሳቂታ አስተናጋጅ ሰጠሁት። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ

ታደሰች አለ ሰዒድ። ለአባ ነገርኩት።

«ስንት ታወጣለች?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ቁጥር አጥቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ «እንጃ አባ» አልኩ። ሳቀ።

«እኔስ የዚህን ጣቃ መቼ አወቅሁ። ገዢ ሲመጣ እናያለን» አለና አጠገቡ ያለውን ወንበር ገፋልኝ።

ደክሞኛል። ተቀመጥኩ።