የትንሿ ጾመኛ ጥርስ

ይድረስ እኅትም እናትም ሆነው ላሳደጉኝ ለእትዬ እናትዓለም፤

እንደምን ከረሙ? የአሰብ ሐሩር እንደምን ይዞዎታል? ያ ሲያስቸግርዎ የነበረው ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? አቶ ዓምደ ሚካኤል ከወደብ ሥራቸው ጋር እንደምን ናቸው? ልጆቹስ እንደምን አሉ? በዓሉን በሰላም አሳለፋችሁት ወይ? እኛ እዚህ ባሕር ዳር መሪጌታም፣ ጽጌም፣ እኔም ለሰማይ ለምድሩ ጌታ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ደህና ነን ስልዎ እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አይደለም። ዘንድሮ ይህችን ቃል አስቤባት ነው የጻፍኋት፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ያገኙታል።

ጽሕፈቱ የገዛ እጄ ነው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሁት ፊደል ይኸው ለዚህ በቃ። ድሮ የሚጽፍልኝ አዘዘ ነበር፤ እኔ ስነግረው እሱ ከራሱ እየጨማመረ ያሳምረው ነበር። ልጄ ከዘመተበት ሳይመለስ ቀረ፤ ሰኔ ላይ መርዶው ከመጣ ወዲህ ደግሞ መሪጌታ ሲጽፉልኝ ከረሙ። ይህን ግን «እኔ ልጻፍልሽ» ቢሉኝም እምቢ አልሁ። አንድ መስመር ጽፌ እጄን አሳርፋለሁ፣ ወጡን አማስላለሁ፣ ደግሞ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድብዎ ይታገሡኝ።

በኅዳር የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። «ኀዘን የገባበት ቤት ለልጅ አይሆንም። እኔ ሴት ልጅ አልሰጠኝም፤ ጽጌን ላኪልኝና አንቺ እስክትጽናኚ እዚህ ትማር» ብለውኝ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና ልልካት ቆርጬ ነበር። ከጥምቀት በኋላ የመሪጌታ እኅት ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ይዛት እንድትወርድ፣ ከዚያ እርስዎ ሰው እንዲልኩላት ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። ልብሷን ሳይቀር አጥቤ ለብቻው አስቀምጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ግን ሳልነግርዎ መልሴን ብጽፍ ቅር ይልዎታልና ታሪኩን አስቀድማለሁ።

ነገሩ የመጣው በገና ጾም ነው። ጽጌ ሰባት ዓመቷን ይዛለች። ጾሙ እንደገባ «እኔም እንደ ትልቅ ሰው እስከ ቀትር እጾማለሁ» አለች። «ልጅ ነሽ፣ ቁርስሽን ብዪ» ብላት «ለአዘዘ ነው» አለችኝ። ቁርሷን መልሼ ከደንሁት። ቀትር አልፎ ምሳ ሲቀርብላትም አንድ ሁለት ጉርሻ ሽሮ ፍትፍት ውጣ «ጠገብሁ» ትላለች። የምትወደውን ቆሎ ለጎረቤት ልጆች ታድላለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ጥጓን ይዛ ትቀመጣለች። ጎረቤታችን ሸጊቱ፣ ያች ቀልድ የማያልቅባት፣ በገባች በወጣች ቁጥር ጎንበስ እያለች «እማሆይ ጽጌ፣ እንዴት አደሩ? በጸሎትዎ ያስቡኝ» ትላታለች። የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጥተው መስቀል ሲያሳልሟት በግንባሯ ተቀበለችና አፏን ሳታስነካ ፊቷን መለሰች፤ እሱንም ትሕትና ነው አልነው። «ይህች ልጅ የተመረጠች ናት» አሉ አባም። መሪጌታ ከዚያ መርዶ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። እኔም በሆዴ «እንዲህ ከበረታች አሰብ ብልካትም አትጎዳም» አልሁ።

ገና ማክሰኞ ሊውል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዓሉን ባናከብርም ልጅ ጠጉሯ ተንጨብሮ አይዋል ብዬ ልሠራት ከጉልበቴ መካከል አስቀመጥኋት። እትዬ፣ ጠጉር ስንሠራ ከኋላ ነንና የልጃችንን ፊት አናየውም። ሹሩባውን ከጆሮዋ በላይ ስይዝ እጄ ጉንጯን ነካው፤ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጃል። እሷም እባብ የነደፋት ያህል ተስፈነጠረች። «ዘወር በዪ» ብላት እምቢ አለች። ነጠላውን ገለጥሁት። ግራ ጉንጯ ሙልሙል ዳቦ አክሏል። አፏን በግድ አስከፍቼ ባይ የኋለኛው መንጋጋዋ ጠቁሮ ተቦርቡሮ፣ ድዱ መግል ቋጥሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት። «መጀመሪያ እውነቴን ለአዘዘ ነበር» አለች፤ «ኋላ ጥርሴ አመመኝ። ሁላችሁም እማሆይ፣ እማሆይ ስትሉኝ እንዴት አድርጌ ጥርሴን ነው ልበል?» ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ ግን አንገቷን ደፍታ «ደሞ አንቺ ታለቅሻለሽ» አለችኝ።

ያን ቀን ይህን ቃል ሰምቼ እንደ ልማዴ ወደ ጓዳ ገብቼ መጋረጃ ስር ብደፋ እርስዎም አይፈርዱብኝም ነበር። አልገባሁም። ተነሥቼ መቀነቴን አጠበቅሁ።

ሸጊቱ ሰምታ የእምቧይ ፍሬ በእጇ፣ ፍም በገል ይዛ መጣች። «ትል ነው፤ በጭሱ ትታጠን፣ ከጥርሷ ሲረግፍ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ለእኔ የወጡልኝ ሁለት ነበሩ፣ ባልና ሚስት!» አለች። «ባልና ሚስቱ ከወጡልሽ ጥርሶችሽን የት ወሰዱብሽ?» ብላት ባዶ ድዷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና እየሳቀች ተቀመጠች። መሪጌታ ደግሞ «ጠበል ትጠጣ፤ በዓሉ ይለፍና ሐኪም ቤት ትወስጃታለሽ፤ አሁን ማን ይገኛል?» አሉኝ። «ጠበሉንም አጠጣታለሁ። ጥርስ ግን የበዓል ቀን ቆጥሮ አይታመምም» አልኋቸው። ሃያ ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ጋቢያቸውን አውልቀው በጀርባዬ ያዘልኋት ልጅ ላይ ደረቡልኝ።

ጤና ጣቢያው እንደፈራሁት ጭር ብሏል። ጥርስ የሚነቅለው ሐኪም በዓሉን ከእናቱ ጋር ሊውል ማክሰኝት ሄዷል። ተረኛዋ ራሂማ የምትባል ነርስ ናት፤ አባቷ እዚሁ ሐይቁ ዳር ጀልባ ሠሪ ናቸው። «እናንተ በዓል ስትሉ እኛ እንጠብቃለን፤ ለኢድ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ይጠብቁልናል» አለችኝ። ልመና ስጀምር «እኅቴ፣ ነቃዩ ቢኖርም ዛሬ አይነካትም። እንዲህ አብጦ ከተነካ ወደ ሌላ ይዞራል። መጀመሪያ በመርፌ እናበርደዋለን። በየቀኑ ታመጫታለሽ፣ የገና ዕለትም ቢሆን» ብላ አስረዳችኝ።

እኔም በየቀኑ አመላለስኋት። የገና ዕለት መሪጌታ ከማኅሌት ሳይመለሱ፣ ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጣ፣ እኔ በከል ልብሴ ልጄን አዝዬ በሐይቁ ዳር ወደ ላይ ስሄድ ተገናኘን። አንዲት ሴትዮ «በጌታ ልደት ልጅ ይወጋል?» ስትል ሰማኋት። «ይወጋል!» ብያት አለፍሁ።

መርፌው ሲያገኛት ጽጌ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። «አልቅሺ» አልኋት። አየችኝ። «አልቅሺ ልጄ፣ እኔም አለቅሳለሁ፤ ምንም አንሆንም» አልኋት። ይህን ጊዜ ጤና ጣቢያውን በጩኸት አናወጠችው። እኔም ለእሷም ለአዘዘም አለቀስሁ። ራሂማ ሁለታችንንም በየተራ እያየች «በሉ ጨርሱ፣ ሌላ በሽተኛ የለብኝም» አለችን። ጨርሰን ፊታችንን ታጥበን ወደ ቤታችን መጣን። ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ቤት ስንደርስ ጎረቤት ያመጣልንን ዶሮ ሥጋውን አድቅቄ በመረቁ ፈትፍቼ አጎረስኋት፤ ከመርዶው ወዲህ ጣዕም ለይቼ የበላሁት የዚያን ቀን ነው።

እብጠቱ ሟሸሸ። ነቃዩም ከማክሰኝት ተመለሰ። የተቀጣጠርን ቀን ወንበሩ ላይ ብናወጣት ጽጌ አፏን ግጥም አደረገች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ለመናት፣ አሳቃት፣ «ከረሜላ እሰጥሻለሁ» አላት። ራሂማ «ዶክተር፣ እዚህ ያመጣት እኮ ከረሜላ ነው» ብትለው እሱም ሳቀ። ልጅቱ ግን ንቅንቅ የለም። እኔ መቆንጠጫውን ፈርታ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ወደ አፏ ስባ «አሰብ ትልኪኛለሽ?» አለችኝ። ለካ የእርስዎን ደብዳቤ መሪጌታ ሲያነቡልኝ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። ያጠብሁትን ልብሷንም አይታዋለች።

«አልልክሽም» አልኋት።

«ጽጌ ትሙት በዪ» አለችኝ።

እትዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ ስገዛም ስሸጥም፣ ስቆጣም ስጫወትም መሐላዬ «አዘዘ ይሙት» ነበር። እንደ ማንኛዋም እናት የበኩሬን ስም በአፌ ይዤ ስምልበት ኖርሁ። ከሰኔ ወዲህ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ በምትኩም ሌላ መሐላ አላበጀሁም። አሁን ይህች ልጅ በራሷ ሞት ማዪልኝ አለችኝ። ሐኪሙ መቆንጠጫውን ይዞ ይጠብቃል። «እሱን አልልም» አልኋት። «አዘዘ ይሙት አልልም፣ ጽጌ ትሙትም አልልም። በዚህ ቤት ከእንግዲህ በልጅ ሞት አይማልም። አልልክሽም ካልሁ አልልክሽም፤ ያለ መሐላ እመኚኝ።» ዓይን ዓይኔን አይታ አፏን ከፈተች። ጥርሱ ተነቀለ። ለትንሽ ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያ ደም የነካውን ጥርሷን በጥጥ ጠቅልላ ይዛ መጥታ ቆርቆሯችን ላይ ወረወረችው። ሸጊቱ «አሁን ከምንኵስና ተፈታሽ!» ብላ እልል አለችላት።

የጥምቀት ዕለት ወደ ባሕሩ አብረን ወረድን። ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ልጅቱን ጠበል አስረጫታለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። የአዘዘ እኩዮች በታቦቱ ፊት ሲዘሉ፣ ሲጨፍሩ ሳይ እንባዬ መጣ፤ እንደ በፊቱ ፊቴን አልሸፈንሁም። ጽጌ ቀና ብላ አይታኝ «እያለቀስሽ ነው?» አለች። «አዎ» አልኋት። «ስትጨርሺ ሸንኮራ ትገዢልኛለሽ?» አለችኝ። ገዛሁላት። በቀኝ በኩል አኝኪው ብቻ አልኋት።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፣ እትዬ። ጽጌን አልልክም። እርስዎን ንቄ፣ ቤትዎን ጠልቼ አይደለም፤ ከእርስዎ ቤት የተሻለ የት አለ? «ኀዘን የገባበት ቤት ለልጅ አይሆንም» ያሉት ግን እኔ እንዳየሁት እንዲህ አይደለም። ኀዘኑን በጓዳ ደብቄ እሷም ጥርሷን በነጠላ ደብቃ ስንኖር ነበር ቤቱ ለልጅ የማይሆነው። አሁን የአዘዘን ስም ገበታ ላይ እናነሣለን፤ መሪጌታም ሳይቀሩ ልጅ ሳለ መቋሚያቸውን ፈረስ አድርጎ ሲጋልበው የነበረውን አንሥተው ይስቃሉ፤ አንዳንዴም መካከል ላይ ይቆማል ሳቁ፣ ከዚያ እንበላለን።

በደብዳቤዎ «አንቺንስ ይፋግ ላይ ያሳደግሁሽ እኔ አይደለሁም ወይ?» ብለውኛል። አዎ፣ እርስዎ ነዎት፤ ጡት ቢኖርዎ ጡት ያጠቡኝ ነበር። ነገር ግን እትዬ፣ እኔን ያሳደጉኝ እናታችን ሞታ ነው። የጽጌ እናት አልሞተችም። እያለቀስሁም ቢሆን አሳድጋታለሁ።

ቅር እንዳይልዎ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ። ለፋሲካ እርስዎ ይምጡልን። ልጅቱንም ያዩዋታል፣ እኔንም ያዩኛል፣ ለቅሶም ገና አልደረሱኝምና አብረን እናለቅሳለን።

ለአቶ ዓምደ ሚካኤል ከመሪጌታም ከእኔም ብዙ ሰላምታ ይድረሳቸው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ውኃ መጠጣት አይርሱ። መርስዔን ትምህርትህን በርታ፣ አክስትህ እንኳ ይኸው ጻፈች በሉልኝ። ትንሹን ይኄይስን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሙልኝ፤ ስትስሙትም አፉን ከፍታችሁ መንጋጋዎቹን እዩልኝ። ሸጊቱም ሳታውቅዎት ሰላም ብላዎታለች። ጽጌ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ፊደል ስትቆጣጠር ነበር፤ «እኔ የምመጣው እናቴ ስትመጣ ነው በያት» ብላ እጅ ትነሣለች።

ታናሽ እኅትዎ የብርጓል
ባሕር ዳር፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.