ጽዋውን ይዘህ የገባህ ዕለት

ጌትዬ፣ ዓለሜ፣

ከተለያየን እነሆ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ዛሬ ግን ለቅሶ ይዤልህ አልመጣሁም፤ ያስቸኮለኝ ደስታ ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ እየተመለስኩ፣ ሚኒባስ ውስጥ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። ፊደሌ ቢንጋደድ መንገዱን ታውቀዋለህ።

ቤቱ ደህና ነው። ጓሮ የተከልከው ጌሾ አጥሩን አልፏል። መጻሕፍትህን ከካርቶን አውጥቼ ሳሎን ደርድሬያቸዋለሁ። ልጃችን አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተፋጥጠን እናጠናለን። አዎ፣ እናጠናለን! ስታስተምረው የኖርከውን ሶሲዮሎጂ እኔም ጀምሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢቸና እየሄድኩ እማራለሁ።

ትዝ ይልሃል? ተጋብተን ሞጣ የገባን ሰሞን፣ አንተ ለሀገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ፣ ማኅበር ጠጥተህ የማታውቅ የከተማ ልጅ፣ ስለ ሚካኤል ማኅበር ልትጽፍ ማስታወሻህን ይዘህ ሄድክ። ሊበተኑ ሲሉ የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ ጽዋውን ማን እንደሚረከብ ጠየቁ። አንተም፣ ወደ ቤት ወስጄ በደንብ ልየው ብለህ እጅህን ዘረጋህ። በእልልታና በዝማሬ እስከ ደጃችን ሸኙህ። እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው እያልክ ገባህ፤ እኔ የቢቸናዋ ልጅ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ሳይ መደቡ ላይ ዘፍ አልኩ። ጽዋ የተረከበ ሰው የሚቀጥለው ወር ደጋሽ እንደሆነ የነገረህ የለም፤ ሁሉም የምታውቅ መስሏቸዋል። ልመልሰው አልክ። ጽዋ ይመለሳል እንዴ! እህቶቼ ከቢቸና መጥተው ጠላው ተጠመቀ፣ ቤቱ በማኅበርተኛ ሞላ፣ አንተም አባል ሆነህ ቀረህ።

ያን ጊዜ አንተ፣ ያዘዘኝ የለም፣ የተጻፈ ሕግ የለም፣ ግን ልመልሰው አልቻልኩም፤ የእኔ ትምህርት የሚያጠናው ይህንን ነው ብለህ ልታስረዳኝ ሞከርክ። እኔ ደግሞ ይህንንማ ሕፃንም ያውቀዋል፣ ይሄም ትምህርት ሆኖ አልኩህ። ሳቅክ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራህ ብዙም አላወራኸኝም። ከሞትክ ጀምሮ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ የዕድሜህን ሥራ ንቄ የሸኘሁህ ይመስለኛል።

ዛሬ መምህራችን የትምህርቱን አመጣጥ አስረዱን። ስሙ ግማሹ ከላቲን፣ ግማሹ ከግሪክ የተገጠመ ነው፤ አብሮ ስለመኖር የሚደረግ ጥናት እንደማለት። ፈረንሳይ ውስጥ ዙፋኑ ወድቆ፣ ፋብሪካ ገበሬውን ከመንደሩ ነቅሎ ከተማ ሲያጉረው፣ ሰውን አብሮ የሚያቆመው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን እንቅልፍ ነሳቸው። ብዙ ዘመን ቀድሞም አንድ የሰሜን አፍሪካ ሊቅ ይህንኑ ጠይቆ ነበር አሉ። ልቤ ዘለለች! ከዚያ መምህሩ ትርጉሙን በራሳችን ምሳሌ ንገሩኝ ሲሉ እጄን ቀድሜ አወጣሁና የአንተን የጽዋ ነገር አወራኋቸው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሳቁ ሲበርድ መምህሩ ዞረው ቃልህን ሰሌዳው ላይ ጻፉት፦ ያዘዘኝ የለም፣ ግን ልመልሰው አልቻልኩም። ተማሪው ሁሉ ገለበጠው። እኔም ገለበጥኩት።

ገባኝ ጌትዬ። ዘግይቶም ቢሆን ገባኝ። ማኅበርተኞችህ በየዓመቱ ይዘክሩሃል፤ እኔ ግን ይህን ትምህርት ጨርሼ አስተምረዋለሁ፣ ትርጉሙን ለጠየቀኝ ሁሉ ከአንተ እጀምራለሁ።

ሚስትህ፣ አሁን ደግሞ ተማሪህ