በአሥራ ሁለት ሰው እጅ የታረመው ማሳዬ «በመድኃኒት ጸዳ» ተብሎ በገበያ ስለተነገረው ዜና

ቀን፦ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአምባ ዳር የገበሬዎች ዜናና ምክር አገልግሎት
ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ደባርቅ

አመልካች፦ ወይዘሮ ስመኝ ዝናቡ፣ ገበሬ
አድራሻ፦ ከቡይት ራስ በታች፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ያለው ማሳ (መሥሪያ ቤትዎ በደንብ ያውቀዋል)

ጉዳዩ፦ ሐሰተኛው ዜና በተነገረበት ገበያና በተነገረበት ድምፅ እንዲስተባበል ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ማመልከቻ መጀመሪያ ያስጻፍኩት ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነበር። እሱ ግን «ውሸት» ባልኩት ቁጥር «የመረጃ ክፍተት» እያለ ሲጽፍብኝ ወረቀቱን ተቀብዬው ተነሣሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ውሸትን በስሙ ለመጥራት ይበቃል። የእጅ ጽሑፌ ቢያስቸግርዎ ይታገሡኝ። እኔም የእርስዎን ዜና ሁለት ወር ታግሻለሁ።

1. ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ አንዷ ዳባት፣ አንዷ ጃናሞራ ተድረው ሄደዋል። በቤቴ ለሥራ የሚነሣ እጅ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የእኔ ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት በእኛ አገር የሚቆመው በወንፈል ነው። ለገበሬ ዜና እሠራለሁ ለሚል መሥሪያ ቤት ወንፈልን ማስረዳት ነውር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ግድ ሆነብኝ። ዛሬ እኔ ለጎረቤቴ አርማለሁ፤ ነገ ጎረቤቴ ለእኔ ታርማለች። በእኛ ወንፈል አሥራ ሁለት ቤት አለ። አለቃችን አቶ ያርጋል ናቸው፤ የማን ቀን መቼ እንደሆነ በቃላቸው ይይዛሉ፤ ተሳስተው አያውቁም።

2. ሐምሌ 15፣ 17 እና 18 ቀን 2017 ዓ.ም. የእኔ ተራ ነበር። 16 ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች አላረምንም። ሦስቱን ቀን በዝናብ፣ ላስቲክ ለብሰን፣ በጭቃ ላይ ተንበርክከን አረሙን ከነሥሩ ነቀልን። በእኛ ዘንድ ገብስ ሲዘራ ባቄላ ጣል ጣል ይደረግበታል፤ ገብሱ ለእንጀራ፣ ባቄላው ለጾም ሽሮ ነው። ስለዚህ የሚያርም ሰው ዐይኑን ገልጦ ነው የሚያርመው። ሲናር የሚባለው አረም ገብስ መስሎ ያድጋል፤ የሚለየው ጣት ነው። ከወንፈሉ በኋላም ብቅ ብቅ ያለውን ጠዋት ጠዋት ብቻዬን እየወጣሁ ስለቅም ከረምኩ። ማሳዬ የጸዳው በዚህ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

3. ነሐሴ 6 ቀን የመሥሪያ ቤትዎ መኪና መጣ። የዜና ሠራተኛዎ አቶ ምሥጋናው በካሜራ ሊያነሡ የመጡት ፀረ አረም መድኃኒት የተረጨበትን የሠርቶ ማሳያ ማሳ ነበር። ያ ማሳ ግን ከመንገዱ የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ነው፤ ጊዜውም ክረምት ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ሾፌራችሁ ነው፤ እግዜር ይስጠው፣ ከመኪናው ከወረዱት መካከል እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ነው። አቶ ምሥጋናው ጫማቸውን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፣ ቀጥለው ከመንገዱ ዳር ያለውን የእኔን ማሳ አዩ፤ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔም እንግዳ መጣ ብዬ ነጠላዬን ቀይሬ ቀረብኩ።

4. ስለ ማሳዬ ተናገሪ ስባል የተናገርኩት ቃል በሙሉ ይህ ነው፦ «ዘንድሮ ማሳዬ ንጹሕ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ያረመው የአሥራ ሁለት ሰው እጅ ነው።» ቅዳሜ ነሐሴ 10 ቀን በደባርቅ ገበያ፣ በመኪናችሁ ላይ በተተከለው ስክሪንና ድምፅ ማጉያ ሲወጣ ግን እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ዝም አልኩ። የአሥራ ሁለቱ ሰው እጅ ተቆርጦ ወድቋል። ከዚያ የአቶ ምሥጋናው ድምፅ ቀጠለ፦ «አርሶ አደር ስመኝ ዝናቡ በእጅ ማረም ጊዜው አልፎበታል ብለው መድኃኒቱን ረጭተዋል። ውጤቱም ይኸው!» እንዲህ አላልኩም። ማሳዬንም ጠብታ መድኃኒት አልነካውም።

5. ለዚህ ምስክር አልቆጥርም፤ ማስረጃው በራሳችሁ ምስል ላይ ነው። ያ መድኃኒት ገብሱን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ይገድላል። ለእሱ ባቄላም አረም ነው። በምስሉ ላይ ግን ከትከሻዬ በስተኋላ ባቄላው አብቦ ቆሟል። መድኃኒት ተረጭቶበት ቢሆን ኖሮ ያ ባቄላ ደርቆ ነበር። ከመሥሪያ ቤትዎ ስንት የተማረ ሰው ያንን ምስል አይቶ ይውጣ ብሎ ፈረመ? አንዱ እንኳ «ይህ ባቄላ እንዴት ተረፈ?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ፊደል አትለይም።

6. ይህች ሴት ወይዘሮ ውቢት አንዳርጋቸው ናት። ማሳችን ይዋሰናል፤ በወንፈሉም ጎን ለጎን ነው የምናርመው። አበልጄም ናት፤ የመጨረሻ ልጇን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። እሑድ ነሐሴ 11 ቀን፣ በፍልሰታ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዛ ወደ ቅጥሩ ጥግ ወሰደችኝ። እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «አንቺ፣ እኛ አርመን ከወጣን በኋላ ረጭተሽበት ኖሯል? ባቄላሽንስ አልነካውም?» የመለስኩላትን በተራ ቁጥር 10 እጽፈዋለሁ። እዚህ ላይ ልጽፈው ብዬ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሰረዝኩት።

7. ሰው ዜናውን በጆሮው ሰማ፤ ያልሞተውን ባቄላዬን በዐይኑ አየ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ መድኃኒቱ ባቄላ አይነካም አለ። ሞኝነት አይደለም፤ ካያችሁትና ከሰማችሁት ተነሥታችሁ ፍረዱ ቢባል እርስዎም የሚፈርዱት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው አረማ ደርሶ ነበር፣ ወገብም ደክሟል። ነሐሴ 14 ቀን ውቢት ረጨች። ተከትለዋት ስድስት ቤት ረጩ። በአራተኛው ቀን ባቄላው እንደ ገመድ ተጠማዘዘ፤ ሳምንት ሳይሞላው ጠቆረ። ውቢት አምስት ነፍስ ይዛ ዐቢይ ጾምን የምትገፋው በዚያ ባቄላ ነበር። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። አንድ የተጠማዘዘ አገዳ ነቅላ ከደጃፌ ላይ አኖረችና ሄደች። እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። መስከረም ላይ ከደረሰልኝ እሸት አንድ ቁና ብልክላት ሳትነካው መለሰችው።

8. ወንፈሉ መስከረም 9 ቀን ስለ አጨዳ ተራ ሲሰበሰብ እኔም እንደ ወትሮዬ ሄጄ ተቀመጥኩ። አቶ ያርጋል የሁሉንም ቀን ተናገሩ፤ የእኔን ዘለሉ። ረስተው መስሎኝ ጠየቅኩ። እሳቸውም ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «እጃችንን መድኃኒት ነው ብላ በገበያ አስነግራለች። እንግዲህ መድኃኒቱ ይጨድላት» አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬአቸው ሠርቻለሁ፤ ባለቤቴን የቀበሩልኝ እነሱ ናቸው። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ መንገዱን አላውቅ አለኝ። ገብሴ አሁን ነጥቷል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልታጨደ ይረግፋል፤ በረዶ ከጣለ ደግሞ ሁለት ሳምንትም የለኝም። ጭላዳ ዝንጀሮው ከገደሉ እየወጣ ዳር ዳሩን ጀምሮታል። እያባረርኩ ላጭድ፣ እያጨድኩ ላባርር ሞክሬ ነበር፤ ሁለት እጅ አይበቃም። ይህን የምጽፈው እህል ቢጠፋብኝ ብቻ አይደለም። ከወንፈል የወጣ ሰው በእኛ አገር ቢታመም የሚሸከመው፣ ቢሞት የሚቆፍርለት ፊቱን አዙሮ ነው።

9. መስከረም 13 ቀን ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ እስከ ቀትር በረንዳ ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ አቶ ምሥጋናው ወጡ። ከልጄ በዕድሜ ያንሳሉ፤ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንቺ ይሉኛል። የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳቸው። «ዜና አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ደግሞ ስምሽ በበጎ ተነሣ እንጂ ምን ተበደልሽ?» ብለው የመሥሪያ ቤታችሁ ስም ያለበት ኮፍያ ሊሰጡኝ ወደ ውስጥ ገቡ። ኮፍያውን ሳልጠብቅ ሄድኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የናቃችሁት እኔን ብቻ ቢሆን ችዬው ነበር። አቶ ምሥጋናው አንድ ሰዓት በጭቃ ላለመሄድ ሲሉ ሰባት ቤት ባቄላ አጣ፤ ይህ ንቀት ካልሆነ ስሙን ይንገሩኝ።

10. አሁን በተራ ቁጥር 6 ያቆየሁትን ልጻፍ። ውቢት እንዲያ ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ባቄላዬን በዐይንሽ አይተሽው የለ?» አልኳት። ቃሉ እውነት ነው፤ ባቄላዬን አይታዋለች። አልረጨሁም ማለት ግን አንድ ቃል ነበር፤ ያንን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ምክንያቱን አልሸፍንም። ትናንት ገበያው ሁሉ ስሜን ሰምቷል፤ ያን ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰው እየዞረ ያየኝ ነበር፤ ሞዴል ገበሬ የሚል የምስክር ወረቀትም በዚያው ቅዳሜ ከነመስተዋቱ ከእናንተ ተልኮልኝ ሰቅዬው ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ «የእገሌ ሚስት የነበረችው» ከመባል በቀር ስሜን በሰው ፊት የጠራው የለም። ደስታዬን ላለማጉደል ብዬ አበልጄን ገደል ሰደድኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእኔ ደግሞ ወለምታም አይደለም፣ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ለውቢት ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እሷ የምታውቀው መሳሳቴን ነው፤ አውቄ መደበቄን አታውቅም።

11. እንግዲህ ክቡር ኃላፊ፣ ይህን መጻፌ በደላችሁን ለማቅለል አይደለም። እኔ አንዲት ሴትን በአንድ ዝምታ በድያለሁ። እናንተ አገሩን በማጉያ በድላችኋል፤ ያውም እንጀራችሁ እውነት መናገር ሆኖ ሳለ። ስለዚህ የሚከተለውን እጠይቃለሁ፦

ሀ. በመጪው ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን፣ በዚያው ገበያ፣ በዚያው ማጉያ፣ በራሳቸው በአቶ ምሥጋናው ድምፅ፣ ማሳው መድኃኒት ያልነካው መሆኑ፣ ያረሙትም የአሥራ ሁለቱ ቤት ሰዎች መሆናቸው ስም በስም እየተጠራ እንዲነገር። ስማቸውን ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ፤ የአባታቸውም ስም አብሮ ይጠራ።

ለ. ይህ መድኃኒት ባቄላና አተር የሚገድል መሆኑ፣ ገብስና ባቄላ ቀላቅሎ የዘራ ሰው እንዳይረጨው፣ ሳይድበሰበስ እንዲነገር። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁት ነበር።

ሐ. አቶ ምሥጋናው በዚያው ሳምንት በእግራቸው መጥተው የሰባቱን ቤት ማሳ እንዲያዩ። አሁን ደረቅ ነው፤ ጭቃ የለም።

ለእኔ ለራሴ የምጠይቀው የለም። አጫጅ ላኩልኝ አልልም፤ የእናንተ እጅ ያጨደውን ገብስ በጎተራዬ አላስገባም። የምስክር ወረቀታችሁን ከነመስተዋቱ መልሻለሁ፤ በተሰቀለበት ቦታ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ቀርቷል። ቅዳሜ ከገበያው መካከል ቆሜ እሰማለሁ። ማጉያችሁ ዝም ካለ ግን ያለ ማጉያ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ «የመረጃ ክፍተት» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።

ከሰላምታ ጋር፤ ሰላምታው ለወንበሩ ነው።

(ፊርማ)
ስመኝ ዝናቡ

አባሪ፦
— የምስክር ወረቀት ከነመስተዋቱ፣ አንድ
— የአሥራ ሁለቱ አራሚዎች ስም ዝርዝር፣ አንድ ገጽ
— ከወይዘሮ ውቢት ማሳ የተነቀለ የባቄላ አገዳ፣ አንድ (እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ)

ግልባጭ፦
— ለወንፈላችን አለቃ ለአቶ ያርጋል
— ለወይዘሮ ውቢት አንዳርጋቸው። ፊደል ስለማትለይ፣ ዛሬ ከደባርቅ ስመለስ ከደጃፏ ቆሜ፣ ተራ ቁጥር 10ን ሳልዘል፣ ራሴ አነብላታለሁ።