አየር የምታጥበው ልጄ

ሰኞ፣ ማርች 3
ወር በወር በምጽፍበት መጽሔት ላይ የማልጽፈውን እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ልጻፈው... ፊቴ እየቀላ። ጠዋት መዋኛው ግቢ፣ ፍል ውሃው ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታችን ተዘፍዝፈን እንደ ልማዳችን ወሬ ስንሰልቅ ጎረቤቴ ግሪሙር፣ "የልጅሽ ማሽን አሁንም አየር ይጠጣል?" አለኝ። ልጄ የምትሠራው ካርቦንን ከአየር ለይቶ የሚይዝ ማሽን ላይ ነው። አፌ መች ያርፋል! "ባሕርን በጭልፋ ማጉደል በለው! ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ ለአንዲት ቁንጥር ካርቦን? ጭሱን ማቆም አይቀድምም?" ሁሉም ሳቀ። ከማዶ የተቀመጠች አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። መነጽሬን መልበሻ ክፍል ትቼዋለሁ፣ በዚያ ላይ እንፋሎቱ... ተነስታ ስትሄድ በአረማመዷ አወቅኳት። ሶልሩን። የገዛ ልጄ!

ረቡዕ፣ ማርች 5
ደወልኩ። አላነሳችም።

እሑድ፣ ማርች 9
ከእሑድ ምሳ ቀርታ አታውቅም። የእሷን የበግ ጥብስ ከድኜ አስቀመጥኩት። ምን ነበር ዝም ብል?

ማክሰኞ፣ ማርች 11
አላስችል አለኝ። ከሬይክያቪክ ወጥቼ ተራራው ላይ ማሽኑ ወዳለበት ጣቢያ ነዳሁ። ነፋሱ ይገርፋል። ሶልሩን የማሽኑ አየር መሳቢያ ላይ የጋገረውን በረዶ ትፈቀፍቃለች።
"መጣሽ? በይ አካፋ ያዢ።"
ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ያዝኩ። ሲደክመን ግድግዳ ተጠግተን ቆምን።
"እማ፣ ያልሽው ውሸት አይደለም። የምንይዘው ጥቂት ነው። ጭሱ ካልቆመ ልፋታችን ከንቱ ነው። ግን እስካሁን የወጣውንስ ማን ይሰብስበው?"
"ታዲያ ለምን አኮረፍሽ?"
"በሰው ፊት ነዋ! እኔን ብትጠይቂኝ ከዚያ የባሰ እነግርሽ ነበር።"
ሳቅኩ። አለቀስኩም መሰለኝ።
ከኪሷ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት ጥቁር ድንጋይ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው። "ነጩ ከአየር የያዝነው ነው። ከውሃ ጋር መሬት ውስጥ ከተትነው፣ ድንጋይ ሆነ።"
የኪሷ ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር...

ቅዳሜ፣ ማርች 15
ራሷ ደወለች!
"እማ፣ ሐሙስ የዓመቱ ልኬት ይወጣል። ማሽኑ የያዘው፣ እሱን ለመስራትና ለማንቀሳቀስ ከወጣው ጭስ ካልበለጠ ይዘጋል። ከጎኔ ሁኚ።"
"ባይበልጥስ?"
"አብረን እናለቅሳለና!"
ማሽኑ ያዋጣል? እኔ እንጃ። ጥያቄውን በፊት ለጨዋታ ነበር የማነሳው፣ አሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ሐሙስ እሄዳለሁ። ቁጥሩ ቢያኮራትም ቢያስለቅሳትም፣ ሳላሳምር እዚሁ አሰፍረዋለሁ።